ፓርቲሽን ውስጥ ቀኑ እንዴት ይመሻል?

ባንክ እሠራለሁ ስል ሰው ቶሎ የሚመጣለት መስኮት ላይ ተቀምጣ ብር የምትቆጥር ልጅ ናት። እኔ በሥራ ሰዓት ደንበኛ የሚባል አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ሥራዬ ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ የኤቲኤም ሒሳብ ማስታረቅ ነው። ማሽኑ "ከፈልኩ" ያለውን፣ የባንኩ ሲስተም "ቀነስኩ" ያለውን፣ በመሀል ደግሞ ማሽኑንና ባንኩን የሚያገናኘው ስዊች "አስተላለፍኩ" ያለውን ዝርዝር ጎን ለጎን ደርድሮ ያልተገናኘውን መልቀም። ይህን የምሠራው በሦስት በኩል ግራጫ ጨርቅ በለበሰ ፓርቲሽን ታጥሬ ነው። ከስክሪኑ ቀና ስል የማየው የጨርቁን ሽመናና ከእኔ በፊት እዚህ የተቀመጠው ሰው ስፒል ሰክቶ የነቀለባቸውን ቀዳዳዎች ነው።

እዚህ ወንበር ላይ ስቆይ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ከሥራው ብዛት ይልቅ የሚደክመው ቀኑ መሀል ስለሌለው መሆኑ ነው። ገበሬ ፀሐይ አናቱ ላይ ስትወጣ በሬውን ይፈታል፤ አስተማሪ ደወል አለው፤ የታክሲ ሾፌር ተራ ሲጠብቅ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። እኛ ከጠዋቱ 2፡30 አሻራ አድርገን ከገባን እስከ 11፡30 ያው ነጭ መብራት፣ ያው ስክሪን፣ ያው ወንበር። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ ተጠቅልሎ ሲታይ አንድ ነው፤ ቀኑን በገዛ እጃችሁ ቆራርጡት።

በቅድሚያ ስለዚህ ስለከበበን ነገር ትንሽ ላውራ። ፓርቲሽንን ያመጣው ሮበርት ፕሮፕስት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ሄርማን ሚለር ለተባለ የሚሺጋን የቢሮ ዕቃ አምራች ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የዛሬው ፓርቲሽን አባት የሆነው ሁለተኛው ደግሞ በ1968 ገበያ ላይ ዋለ። ሰውየው ሠራተኛ የማጠር ሐሳብ አልነበረውም። ቁመታቸው የተለያየ ጠረጴዛዎች አስቦ ነበር፤ አንዱ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንዱ ላይ ቆመው የሚሠሩባቸው። ግድግዳዎቹም በ120 ዲግሪ ሰፋ ብለው እንዲከፈቱ ነበር ዕቅዱ። ገዢዎቹ ግን ሒሳቡን ሲሠሩት በ90 ዲግሪ ከታጠፈ አንድ ፎቅ ላይ ብዙ ሰው ይገባል። እኛ የወረስነው ያንን ነው። ይህን የማወራው ተነስታችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የአለቃ ዓይን የሚያሳቅቃችሁ ካላችሁ ነው፤ ዕቃው መጀመሪያውኑ የተፈጠረው ለሚነሳና ለሚቀመጥ ሰው ነበር።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ከ2፡30 እስከ 4፡30 ያለውን ሰዓት ለከባዱ ሥራ አድርጉት። እኔ ዘንድ ከባዱ የትናንቱ ያልታረቀ ዝርዝር ነው፤ ጭንቅላት የሚፈልግ፣ ሰው ሲያናግራችሁ የሚጠፋባችሁ ዓይነት። ደብዳቤ መጻፍ፣ ለቅርንጫፍ መልስ መስጠት፣ ከሻይ በኋላ ይሁን። ከምሳ በኋላ ከ7 እስከ 9 ያለው ሰዓት ግን የታወቀ ነው፤ ሽሮም ይብላ ክትፎ፣ በዚያን ሰዓት ከቁጥር ጋር የሚግባባ ሰው አላየሁም። ይህን ሰዓት ለእግር ሥራ አስቀምጡት። በመሥሪያ ቤቶቻችን ሁሉ ነገር በፊርማ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ጠዋት አንድ ወረቀት ይዞ አምስተኛ ፎቅ፣ እንደገና ሌላ ወረቀት ይዞ ዘጠነኛ ፎቅ ከመሯሯጥ፣ የሚፈረመውን ሁሉ አንድ ክላሰር ውስጥ አጠራቅሙና 7፡30 ላይ በአንድ ዙር አስፈርሙት። መዝገብ ቤት የሚወርድ ቫውቸር ካለም አብሮ ይውረድ፤ ስትወርዱ በደረጃ ውረዱ። እንቅልፉ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይለቃችኋል።

ከ10 ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ የምትወዱትን አንድ ሥራ ደብቃችሁ አቆዩ። የኔ፣ ይሥቁብኛል እንጂ፣ የኤክሴል ፎርሙላ ማስተካከል ነው። ትናንት በእጅ ያደረግኩትን ነገ በአንድ ቁልፍ እንዲሆን ማድረግ። ማንም አላዘዘኝም፤ ለዚያ ነው የሚጥመው።

ሌላው ከሥራ ውጪ የሚመጣው መቆራረጥ ነው፤ "ሲስተም የለም"። ኔትወርክ ሲቋረጥ ያን ሁሉ ጊዜ ያልታዩ ጭንቅላቶች ከየፓርቲሽኑ በላይ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ሁሉም እርስ በርሱ "ያንተም ሄደ?" ይባባላል። ይህን ጊዜ ስልክ እየጎረጎራችሁ አታሳልፉት፤ ተመልሶ ሲመጣ እንዳላረፋችሁ ሆናችሁ ነው የምትገኙት። ሲስተም የማይፈልጉ ሥራዎችን በወረቀት ጽፋችሁ ፓርቲሽኑ ላይ ሰካ አድርጓቸው፦ ክላሰር ማደራጀት፣ ያረጀ ፋይል መለየት፣ መሳቢያ ማጽዳት። ሲስተሙ ሲመለስ ዴስካችሁ የሌላ ሰው ዴስክ ይመስላል።

አሁን ዋናው ወደምለው ደረስኩ። ተመሳሳይ ነገር በየቀኑ ማየት የሚያደነዝዘው ነገሩን ማየት ስናቆም ነው። ከፊቴ ያለው ዝርዝር ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽን ቁጥር፣ የብር መጠን ነው። የሰው ስም አላይም፤ የካርዱም ቁጥር መሀሉ በኮከብ የተሸፈነ ነው። ግን አንድ ቀን የፋሲካን ዋዜማ ዝርዝር ቀስ ብላችሁ ብታነቡት! ገበያ አጠገብ ያሉት ማሽኖች ገና በጠዋቱ ባዶ ይሆናሉ። አንድ ካርድ አለ፤ 4,000 ጠየቀ፣ አይበቃም ተባለ፤ 3,000 ጠየቀ፣ አይበቃም፤ 2,000፣ አይበቃም፤ ከዚያ አራት ደቂቃ ዝም አለ። የሆነ ሰው ጋ ደውሎ ይሆናል። ተመልሶ 1,500 ጠየቀ፣ ወጣለት። በጉ ወደ ዶሮ ወርዷል ማለት ነው። ጳጉሜንና መስከረም ሲመጣ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ወሩን ካላንደር ሳላይ ከብር አወጣጡ እነግራችኋለሁ። ይህን ወሬ ለማንም አላወራም፤ የደንበኛ ነገር ከዴስክ አይወጣም። ለራሴ ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጥር አላይም፤ ከተማውን ነው የማየው።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የማነሳው ደግሞ ብሩ ሳይወጣለት ሒሳቡ የተቀነሰበትን ነው። ያ ሰው አንድ ቦታ ሆኖ ባንኩን እየረገመ ነው። ተራውን ጠብቆ ቢሠራም ያው ነው፤ ሥራው ግን ፊት ያገኛል። ኢንሹራንስ ውስጥ ካሳ የምትሠሩ፣ ደመወዝ የምታዘጋጁ፣ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን የምትሞሉ፣ እናንተም ዘንድ እንዲህ ዓይነት መስመር አለ። እሱን ፈልጉትና ቀኑን በእሱ ጀምሩ።

ከተቻለ ደግሞ ሥራችሁ የሚያልቅበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። እኔ አለቃዬን አስፈቅጄ አንድ ቅርንጫፍ ማሽን ሲሞላ አይቻለሁ። ብሩ ካሴት በሚባል ሣጥን ነው የሚገባው፤ 200ው ለብቻ፣ 100ው ለብቻ። የተጨማደደ ወይም ሁለት ሆኖ የተጣበቀ ኖት ሲመጣ ማሽኑ ለደንበኛው አይሰጥም፤ ወደ ሌላ ሣጥን ይጥለዋል። ማሽኑን የሚሞላው ልጅ ያንን ሣጥን ከፍቶ የታጠፉ ኖቶችን አንድ በአንድ ሲዘረጋ አየሁ። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ "ልዩነት 200" እያልኩ ስከራከርበት የነበረው ነገር፣ ጥጉ የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቅርንጫፍ ጋር በስልክ የምንነጋገርበት ድምፅ ራሱ ተለውጧል።

ስለ ሰውነት አጭር ልበል፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያደርገውም። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው በጣም አንሶ ነው፤ ማታ ላይ የሚቆረቁረን ለዚህ ነው። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው፣ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር፣ ለ20 ሴኮንድ እዩ ይላሉ። ፓርቲሽን ውስጥ 6 ሜትር ከየት ይመጣል? መስኮቱን የያዙት አለቆች ናቸው። እኛ ፎቅ ላይ መፍትሔው ፕሪንተሩ ነው፤ ከፕሪንተሩ ጀርባ ባለው መስኮት በሰሜን በኩል፣ በሁለት ሕንፃ መሀል፣ እንጦጦ ይታያል። ወረቀት እስኪወጣ እሱን አያለሁ። ክረምት ከሆነ ደመና ይውጠዋል፤ ከመስቀል በኋላ ግን ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ የሚቆጠር ይመስላል። ስክሪናችሁ ዝቅ ብሎ አንገታችሁን የሚያስጎነብሳችሁ ከሆነ ዕቃ ግዢን አትለምኑ፤ ሁለት እሽግ ወረቀት ከሥሩ ብታስገቡ ወደ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ እኩል ከሆነ በቂ ነው። ወረቀት ሲያልቅ ሰው ከሥሩ መዞ እንዳይወስድ ግን በፕላስተር እሰሩት።

አየሩ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ የሚጫጫነን ግማሹ ምግቡ፣ ግማሹ የታፈነው ክፍል ነው። ግን መስኮት መክፈት እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ብርድ ይመታል። በታክሲ ያለው ጦርነት ቢሮም አለ። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ነው፤ መስኮት ሲከፈት ኮታቸውን እስከ አንገት ይቆልፋሉ። ስለዚህ በሥራ ሰዓት አልጠይቅም። ምሳ ስንወጣ ነው የምጠይቀው።

"ጋሼ፣ ልንወጣ ስለሆነ መስኮቷን ትንሽ ልክፈታት?"

"ክፈቻት። ስመለስ ግን ተዘግታ ልያት፤ ትከሻዬን ታውቂው የለ።"

"እኔ ቀድሜዎት ተመልሼ እዘጋታለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ግድ የለም። ያንቺ ትውልድ ብርድ መቼ ይፈራል!"

ለአንድ ሰዓት የተከፈተ መስኮት እስከ 9 ሰዓት ያቆየናል። ጎረቤት ሲባል ሁሉም እንደ ጋሼ አይደለም። ፓርቲሽን ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም፤ ማን ልጁን ትምህርት ቤት እንደቀየረ፣ የማን ዕቁብ እንደወጣ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ከኋላዬ ያለችው እትዬ ዕቁብ ሰብሳቢ ናት፤ ቅዳሜ ሲቃረብ ስልኳ አያርፍም፣ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው የምታወራው። ለአለቃ መናገር ነገር ያበላሻል፣ በኢሜይል መጻፍማ ጭራሽ። ቡና ጋብዣት፣ "እትዬ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቁጥር ስለምይዝ ይጠፋብኛል፤ ያንን አንድ ሰዓት ብቻ ብታግዢኝ" አልኳት። ሰዓቱን ለይታችሁ ስትጠይቁ ሰው እሺ ይላል፤ "ጮክ ትያለሽ" ካላችሁ ግን ተቀያየማችሁ። አሁን በዚያ ሰዓት ስልኳን ይዛ ኮሪደር ትወጣለች። የጆሮ ማዳመጫ የምታደርጉ አንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ፤ የተጠራ ሳይሰማ ሲቀር ኩራት ይመስላል። ቁጥር ስታዩ ግጥም የሌለው ሙዚቃ፣ ክላሰር ስታደራጁ ትረካ። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ሁለቱም ይበላሻል።

ሻይን በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው፤ ሻይ ዴስክ ላይ እንዲመጣላችሁ አታድርጉ። እኛ ፎቅ ላይ ከካፌው በትሪ ይመጣል፤ ምቹ ነው፤ ሰው በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በአንድ እጁ ማውስ ይዞ ይጠጣዋል፤ መጠጣቱንም አያስታውሰውም። 4፡30 ላይ ውረዱ። ሕንፃው ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ አጫጭር በርጩማ ደርድራ። እዚያ የሚቀመጡት ሾፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ናቸው፤ ስለ ሲስተም የሚያወራ የለም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ነው። አንድ ስኒ ብቻ ጠጥቼ እነሳለሁ፤ ሦስተኛውን የጠበቀ ሰው ከአለቃው ጋር ይጋጫል።

ምሳ ዴስክ ላይ የበላ ሰው ቢሮውን ለቆ አያውቅም። ምሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ ከሰው ጋር ብሉ፤ የእኔ ጥብስ፣ የእሷ ምስር፣ ያንዱ ፓስታ መሀል ላይ ሲቀመጥ ከየምሳ ዕቃው የተሻለ ነገር ይወጣዋል። ከዚያ የቀረውን ሰዓት በእግር ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለአምስት የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፣ የምሳ ሰዓት ግማሽ። የእኔ መንገድ ወደ ብሔራዊ ቲያትር ነው። እዚያ ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ ነው የሠራው፤ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል፣ በ1948 ዓ.ም.። ዞሬው እመለሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ይመቸኛል፤ እስከ 9 ሰዓት ስለምንጾም የምሳ ሰዓቱ በሙሉ የእግር ነው፤ ረመዳን ላይ ሙስሊም ባልደረቦቼ አብረውኝ ይወጣሉ። የመንግሥት ቢሮ የምትሠሩ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሁለት ሰዓት አላችሁ፤ ሶላት የማትሄዱ ከሆነ ያንን ጊዜ በወንበር ላይ አታባክኑት።

ፓርቲሽኑን ስለማስዋብ ብዙ አልልም። ፎቶ በለጠፋችሁ በወሩ አታዩትም፤ ስለዚህ ቀያይሩት። የሚያድግ ነገር ግን ሌላ ነው። ውኃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ሥር የሚሰድ የሐረግ ቅጠል አለኝ፤ በቢሮ መብራት ብቻ ይኖራል፤ ውኃውን ሰኞ ሰኞ እቀይራለሁ። አሁን ወደ ጋሼ በኩል ተሻግሮ ወርዷል፤ እሳቸውም የራሳቸው አድርገውታል።

ረጅሙን ቀን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ቁረጡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ብዙ ሰው አጠራቅሞ አንዴ ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቤትም ይሰለቻል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ መውሰድ እንደሚቻል አዋጁ ይላል፤ ጠይቁ። ባንክ ለምንሠራ አንዱ ግማሽ ከግማሽ ዓመቱ ሒሳብ በኋላ ጥር ላይ፣ ጥምቀትን አስታክኮ፣ ሌላው ከሰኔ 30 መዝጊያ በኋላ ቢሆን ይመከራል። ሰኔን ራሱን ለማምለጥ አትሞክሩ፤ አይሰጣችሁም፤ ቢሰጣችሁም የሚተካችሁ ባልደረባ ዓመቱን ሙሉ ያስታውሰዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ሆዳችሁ የሚጨነቅ ከሆነ ግን ነገሩ ከፓርቲሽኑ አልፏል። ሥራው ከእጃችሁ ሳይሆን ከጭንቅላታችሁ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዝውውር ጠይቁ። የውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳውን በየሳምንቱ እዩ፤ ከቁጥር ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቁጥጥር የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አለ። ማመልከቻ ስትጽፉ "ሰልችቶኛል" አትበሉ፤ ምን እንደምታውቁና የት እንደምትጠቅሙ ጻፉ፤ ቦታችሁን የሚይዘውንም ሰው አሠልጥኜ እሄዳለሁ በሉ፤ አለቃችሁን የሚያስፈራው ያ ነውና። ከሰኔ መዝጊያ በፊት ግን አታስገቡት፤ ማንም አያነበውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ የአዲሱ በጀት ዓመት የሰው ድልድል ሲሠራ፣ በእጃችሁ ውሰዱና ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥር ተቀበሉ።